የአሊያስ ደንብ እና የግል ተጠቃሚ ደንብ በሜይል ሰርቨር ላይ፦ የትኛው መቼ ይነበባል?

ቸርችል_ሰርቨር · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምሠራው በቸርችል ጎዳና፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ ሲሆን የድርጅቱን የኢሜይል ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ሠራተኛ በሊኑክስ ማሽኑ ላይ የየራሱ አካውንት ነበረው፤ መልእክቱን ወደ ሳጥኑ የሚያስገባውም «ሎካል» የሚባለው የፖስትፊክስ (መልእክት የሚቀበለውና የሚያመላልሰው ፕሮግራም) ማድረሻ ክፍል ነበር። በቅርቡ ግን የሠራተኞቹን አድራሻዎች ወደ ዳታቤዝ አዛውረን፣ ዶሜናችንን ቨርችዋል (ከማሽኑ አካውንቶች ጋር ያልተያያዘ) አድርገን፣ የማድረሱን ሥራ ኤልኤምቲፒ በተባለው የማስረከቢያ ስምምነት በኩል፣ ሳጥኖቹን ለሚይዘው ለዶቭኮት ሰጥተናል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮች ግራ አጋብተውናል። አንደኛ፣ ሠራተኞች መልእክታቸው ወዴት እንዲዞር እንደሚፈልጉ ጽፈው በቤት ማውጫቸው ውስጥ ያስቀመጧቸው «ነጥብ ፎርዋርድ» ፋይሎች በቦታቸው ቢኖሩም የሚያነባቸው ያለ አይመስልም። ሁለተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ በተሳሳተ አድራሻ የተላከ መልእክት እንዳይጠፋ ስለፈለጉ፣ በዶሜናችን ላልታወቀ ስም የሚመጣውን ሁሉ ለጽሕፈት ቤት የሚመራ መስመር በቨርችዋል አሊያስ ሰንጠረዡ (አንድን አድራሻ በሌላ አድራሻ በሚተካው ዝርዝር) ውስጥ ገብቷል፤ አሁን የታወቁት ሠራተኞች መልእክት ጭምር ወደ ጽሕፈት ቤት እየሄደ ነው። ሦስተኛ፣ በዓመት ፈቃድ ላይ ያለች አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ያዘጋጀችው አውቶማቲክ ምላሽ በግል አድራሻዋ ለሚጽፍላት ይደርሳል፤ «ሂሳብ» በሚለው የጋራ አድራሻ ለሚጽፍ ግን አይደርስም።

ሦስቱን በየተራ ጠጋግኖ ከማለፍ ይልቅ፣ የድርጅቱ ደንብ እና የግለሰቡ ደንብ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩ ከሥሩ መረዳት ስለምፈልግ፣ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


ነባር_ፖስታ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡45

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሦስቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው። «አሊያስ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በፖስትፊክስ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የሚነበብ ሁለት የተለያየ ሰንጠረዥ ነው፤ የግለሰቡ ደንብ ደግሞ የሚነበበው ከሁለቱም በኋላ ነው።

መልእክቱ ከውጭ ሲገባ «ክሊንአፕ» የሚባለው ፕሮግራም ወደ ወረፋው ከማስገባቱ በፊት የተቀባዩን አድራሻ በቨርችዋል አሊያስ ሰንጠረዥ ውስጥ ይፈልጋል። ይህ ፍለጋ አድራሻው የራሳችን ሠራተኛ ይሁን፣ ቨርችዋል ዶሜን ይሁን፣ ወይም የሌላ አገር ሰርቨር ይሁን አይለይም፤ በሁሉም ላይ ይሠራል። ሁለተኛው ሰንጠረዥ፣ ማለትም በ«ኢቲሲ» ማውጫ ሥር የምናውቀው የድሮው የአሊያስ ፋይል፣ የሚነበበው መልእክቱ ከወረፋ ወጥቶ «ሎካል» እጅ ሲገባ ብቻ ነው። ሎካል መጀመሪያ የአሊያስ ፋይሉን ያያል፤ ስሙን እዚያ ካላገኘ የተጠቃሚውን ነጥብ ፎርዋርድ ፋይል ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳጥኑን የሚፈልገው። እናንተ ዶሜኑን ቨርችዋል አድርጋችሁ ማድረሱን ለዶቭኮት ስትሰጡ ሎካል ከመንገዱ ወጥቷል። ስለዚህ ነጥብ ፎርዋርድን ብቻ ሳይሆን የድሮውን የአሊያስ ፋይልም ለዚያ ዶሜን የሚያነብ ፕሮግራም የለም። አልተበላሸም፤ አልተጠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎም ከዚሁ ቅደም ተከተል ይፈታል። ፖስትፊክስ በቨርችዋል አሊያስ ሰንጠረዥ ውስጥ መጀመሪያ ሙሉውን አድራሻ ይፈልጋል፤ ካላገኘ በ@ ምልክት የሚጀምረውን፣ ዶሜኑን ብቻ የያዘውን መስመር ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የሠራተኛው ሳጥን መኖሩን ገና አልጠየቀም፤ ሳጥኑ የሚጠየቀው አድራሻው ተፈትቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለሆነም ሙሉ አድራሻዋ በአሊያስ ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ሠራተኛ፣ ሳጥን ቢኖራትም፣ ለዚያ ሰንጠረዥ «ያልታወቀች» ናት። መፍትሔው እያንዳንዱን የሠራተኛ አድራሻ ወደ ራሱ የሚመልስ መስመር መጨመር ነው፤ ፖስትፊክስ አድራሻው ራሱን ሲመልስለት መፍታቱን ያቆማል። ዳታቤዝ ስላላችሁ ሁሉንም በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ የሳጥኖቹን ሰንጠረዥ ጠይቆ ያንኑ አድራሻ የሚመልስ አንድ ተጨማሪ መጠይቅ በቂ ነው።

በአገራችን ደብዳቤ የሚመጣው ለድርጅቱ ፖስታ ሳጥን ቁጥር እንጂ ለሠራተኛው ጠረጴዛ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ተላላኪው ከፖስታ ቤት ያመጣውን መዝገብ ቤቱ ለየክፍሉ ይመራዋል፤ ሠራተኛው የራሱን ፋይል የሚያደራጀው ከዚያ በኋላ ነው። ቨርችዋል አሊያስ የመዝገብ ቤቱ ሥራ ሲሆን፣ በዶቭኮት የሚሠራው የሲቭ ስክሪፕት (መልእክቱ ሳጥኑ ሲደርስ ምን እንደሚደረግበት የሚጻፍበት ደንብ) ደግሞ የሠራተኛው ነው። ነጥብ ፎርዋርድ ሲሠሩ የነበሩት ሠራተኞችዎም ደንባቸውን ወደ ሲቭ ማዛወር ይኖርባቸዋል።

ስለ ሥራ አስኪያጁ ፍላጎት ግን አጥብቄ የምለው አለኝ። ሁሉንም የሚቀበል መስመር ባይኖር ይሻላል። ስሙን አሳስቶ የጻፈ ደንበኛ ወዲያውኑ «550፣ እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም» የሚል ምላሽ ቢደርሰው ስህተቱን በደቂቃ ውስጥ ያርማል። መልእክቱ ተቀባይነት አግኝቶ በጽሕፈት ቤቱ ክምር ውስጥ ከተቀበረ ግን ደርሷል ብሎ ሲጠብቅ ይከርማል። በዚያ ላይ ስፓም ላኪዎች በግምት የሚፈጥሩት ስም ሁሉ ትክክለኛ አድራሻ ይሆንላቸዋል።


አራት_ኪሎ_ኤግዚም · ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ነባር ፖስታ የጻፉት ለፖስትፊክስ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንባቢ ይህን የሜይል ሰርቨር ሁሉ ሕግ አድርጎ እንዳይወስደው አንድ ነገር ልጨምር። ፊሊፕ ሄዝል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. በጀመሩት ሌላ የሜይል ሰርቨር ፕሮግራም፣ በኤግዚም ውስጥ፣ እንዲህ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ደረጃ የለም። አድራሻው በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ በተጻፉት ራውተሮች ፊት አንድ በአንድ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ራውተር ወይ ይቀበለዋል ወይም ለቀጣዩ ይተወዋል። ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው ማዋቀሪያ የሥርዓቱ አሊያስ ይቀድማል፣ የተጠቃሚው ፎርዋርድ ይከተላል፣ የተጠቃሚው ሳጥን መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚወስነው ግን የመስመሮቹ አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ አስተዳዳሪው ሊለውጠው ይችላል። አንድ አድራሻ የት እንደሚያርፍ መልእክት ሳይላክ የሚያሳይ የሙከራ ትእዛዝም አለው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አላየሁም።

ሥርዓቱ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። የአሊያስ ፋይሉን እና ነጥብ ፎርዋርድን ያስለመደን ኤሪክ ኦልማን በበርክሌይ የጻፉት ሴንድሜይል ነው። ዊትሴ ቬኔማ በአይቢኤም ምርምር ማዕከል ሠርተው በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፖስትፊክስ ሴንድሜይልን ለለመደ ሰው እንዳይከብድ ሁለቱንም ፋይሎች እንዳሉ ተቀብሎ፣ ከነሱ በላይ ቨርችዋል አሊያስን አስቀመጠ። ሁለት ዓይነት አሊያስ ያየነው ስለዚህ ነው።


አዲስ_ገቢ · ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከናንተ ውይይት አንጻር ትንሽ ነው። በአሊያስ ፋይሉ ውስጥ አዲስ ስም ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ሰርቨሩ ግን አያውቀውም። እንደገና ማስነሳት አለብኝ?


ነባር_ፖስታ · ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ማስነሳት አያስፈልግም። ሰርቨሩ የሚያነበው እርስዎ የጻፉትን የጽሑፍ ፋይል ሳይሆን ከሱ የሚሠራውን የተዘጋጀ ዳታቤዝ ነው። ለአሊያስ ፋይሉ «ኒውአሊያስስ»፣ ለቨርችዋል ሰንጠረዡ ደግሞ «ፖስትማፕ» የሚለውን ትእዛዝ ያስኬዱ። ፖስትማፕን በመጠየቂያ አማራጩ ቢጠቀሙ አንድ አድራሻ ወደ ምን እንደሚፈታ ወዲያው ይነግርዎታል። እግረ መንገድዎን «ፖስትማስተር» የሚለው ስም ወደ አንድ ሰው መመራቱን ያረጋግጡ፤ መስፈርቱ መልእክት የሚቀበል ሰርቨር ሁሉ ይህን አድራሻ እንዲቀበል ያስገድዳል፤ ሰው የማያነበው ከሆነ ደግሞ መኖሩ ዋጋ የለውም።


ቸርችል_ሰርቨር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እጅግ አመሰግናለሁ። አድራሻዎቹን ወደ ራሳቸው የሚመልሰውን መጠይቅ ስንጨምር የሠራተኞቹ መልእክት ወደየሳጥናቸው ተመልሷል፤ ሁሉንም የሚቀበለውን መስመር የማስወጣቱን ጉዳይም ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤያለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተከትሏል። «ሂሳብ» የሚለው አሊያስ ወደ አራት ሰዎች ይፈታል፤ ከአራቱ አንዱ የሰጠው አድራሻ የግል ጂሜይሉ ነው። አንድ ደንበኛችን ለ«ሂሳብ» ጽፎ፣ ጭራሽ ከማያውቀው የጂሜይል አድራሻ «አልተቀበልንም» የሚል ተመላሽ እንደደረሰው ነግሮናል። ሦስቱ ባልደረቦች ግን መልእክቱን አግኝተዋል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?


ካዛንቺስ_ኔት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ይህ ከአሊያስ ባሕርይ የሚመጣ ነው፤ መስፈርቱም በግልጽ ያስቀምጠዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል መስፈርት፣ አርኤፍሲ 5321፣ አሊያስን እና የመልእክት ዝርዝርን ይለያቸዋል። አሊያስ ሲፈታ የሚለወጠው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ በፖስታው ላይ፣ ማለትም ሰርቨሮቹ ከደብዳቤው ውጪ በሚለዋወጡት አድራሻ ላይ፣ ያለው ላኪ እንዳለ ይቆያል። በመልእክት ዝርዝር ግን ላኪው በዝርዝሩ ኃላፊ አድራሻ መተካት አለበት።

ስለዚህ የእርስዎ ሰርቨር ወደ ጂሜይል ሲያስተላልፍ በፖስታው ላይ የደንበኛው ስም አለ። ጂሜይል የደንበኛውን ዶሜን የኤስፒኤፍ መዝገብ (በዶሜኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር) ሲመለከት የእርስዎ ሰርቨር አይፒ እዚያ ውስጥ የለም። መልእክቱ የዲኪም ፊርማ (የላኪው ዶሜን የሚያኖረው ዲጂታል ማረጋገጫ) ካለው እና መንገድ ላይ ካልተነካ ማንነቱ በዚያ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ፊርማ ከሌለው፣ የደንበኛው ዶሜን ደግሞ በዲማርክ «ያልተረጋገጠውን አትቀበሉ» ብሎ ካወጀ፣ ጂሜይል ይመልሰዋል። ተመላሹ የሚሄደው በፖስታው ላይ ወዳለው ላኪ ነው፤ ማለትም ወደ ደንበኛው። በዚህ መንገድ የሠራተኛው የግል አድራሻም ለማያውቀው ሰው ይገለጣል፤ እኔን ከመልእክቱ መመለስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሦስቱ ያገኙበት ምክንያት ደግሞ አሊያሱ አንዴ ከተፈታ በኋላ እያንዳንዱ ተቀባይ በወረፋው ውስጥ ራሱን የቻለ ስለሚሆን ነው፤ የአንዱ መውደቅ ሌሎቹን አይዝም። ኤልኤምቲፒም ለዚህ ይረዳል፤ በተለመደው የመላኪያ ስምምነት በኤስኤምቲፒ መልእክቱ ተልኮ ሲያልቅ ተቀባዩ ሰርቨር ለሁሉም ተቀባዮች አንድ መልስ ይሰጣል፣ በኤልኤምቲፒ ግን ለእያንዳንዱ ተቀባይ የየራሱ መልስ ይመጣል። የአንዱ ሳጥን ቢሞላ ለሌሎቹ ሁለተኛ ቅጂ አይላክም።

መፍትሔው ወይ የላኪውን አድራሻ በራሳችሁ ዶሜን አድርጎ የሚጽፈውን ኤስአርኤስ የተባለ ዘዴ መትከል ነው፣ ወይም አሊያሱን ወደ እውነተኛ የመልእክት ዝርዝር መለወጥ ነው። ኤስአርኤስ የኤስፒኤፉን ፍተሻ ቢያሳልፍም ፊርማ የሌለውን መልእክት ከዲማርክ አያድነውም። ዝርዝር ካደረጋችሁት በርዕሱ ላይ የዝርዝሩን ስም ወይም ከግርጌው ማስታወቂያ አትጨምሩበት፤ የዲኪሙ ፊርማ ይፈርሳል።


ለገሃር_ደህንነት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

በእኔ አስተያየት ከሁለቱም በፊት መጠየቅ ያለበት፣ የድርጅት የሂሳብ ደብዳቤ ወደ ግል አድራሻ ለምን ይሄዳል የሚለው ነው። በአሊያስ ውስጥ የውጭ አድራሻ እንዳይገባ በደንብ ይከልከል፤ በሲቭም ቢሆን ወደ ሌላ አድራሻ ማዞርን አስተዳዳሪው መዝጋት ይችላል። በዶቭኮት የሲቭ ማዋቀሪያ ውስጥ የማዞሪያዎች ከፍተኛ ቁጥር የሚወሰንበት መስመር አለ፤ ዜሮ ሲሆን ማዞር ይከለከላል። የድርጅቱን የራሱን ስክሪፕት ከሠራተኛው ስክሪፕት በፊት ወይም በኋላ እንዲሠራ ማድረግም ስለሚቻል፣ ግለሰቡ በራሱ ሳጥን ላይ ያለው ነፃነት ሙሉ በሙሉ ያለ ልጓም አይደለም።


አራት_ኪሎ_ኤግዚም · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ክልከላውን ባልቃወምም ሠራተኞች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ መረዳት ይገባናል። መብራት ሲጠፋ ወይም የቢሮው መስመር ሲቋረጥ ሰርቨሩን ከቤት ሆነው መክፈት አይችሉም። ጂሜይል ግን ሁልጊዜ በስልካቸው ላይ አለ።


ለገሃር_ደህንነት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡35

ምክንያቱን እረዳለሁ፤ ሆኖም ይህ አመለካከት ሰርቨሩ እንዴት እንደሚሠራ ካለመረዳት የሚመጣ ነው። መብራት የጠፋበት ሰርቨር ወደ ጂሜይልም ሊያስተላልፍ አይችልም። በዚያ ሰዓት መልእክቱ የሚቆየው በላኪው ሰርቨር ወረፋ ውስጥ ነው፤ ላኪው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ካልተለወጠ በቀር እስከ 5 ቀን ይሞክራል። ማስተላለፉ የሚያስገኘው አሮጌ መልእክቶችን በስልክ ላይ የማየት ዕድል ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ስልኩ ሳጥኑን በአይማፕ (ሳጥንን ከርቀት ማንበቢያ ስምምነት) ቢከፍትና ቅጂ ቢይዝ ያገኙታል። ለሠራተኛው በስልኩ ላይ አይማፕ አስተካክሎ መስጠት የአስተዳዳሪው ግዴታ ይመስለኛል፤ ክልከላው ከዚያ በኋላ ቢመጣ ማንንም አይጎዳም።


ነባር_ፖስታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የፈቃድ ምላሹ፣ ሳይመለስ እንዳይቀር። የሲቭ የፈቃድ ምላሽ በአርኤፍሲ 5230 የተደነገገ ሲሆን፣ ምላሽ የሚሰጠው የሠራተኛዋ አድራሻ በመልእክቱ ራስጌ ላይ፣ በተቀባይ ወይም በግልባጭ መስመር ውስጥ፣ ሲገኝ ብቻ ነው። በ«ሂሳብ» በኩል በመጣ መልእክት ራስጌው ላይ የተጻፈው «ሂሳብ» ነው፤ የእሷ ስም በፖስታው ላይ እንጂ በደብዳቤው ላይ የለም። ስክሪፕቱ ውስጥ ተጨማሪ አድራሻዎቿን የሚዘረዝር አማራጭ ስላለ «ሂሳብ»ን እዚያ ብታስገባ ምላሹ ይሄዳል።

እኔ ግን አታስገባ እላለሁ። «ሂሳብ» የአራት ሰዎች አድራሻ ነው፤ ሦስቱ ሥራ ላይ ናቸው። ከጋራ አድራሻው «ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚል ምላሽ የደረሰው ደንበኛ ክፍሉ በሙሉ ዝግ ነው ብሎ ያስባል። የመስፈርቱ ጸሐፊዎች ይህን ያሰቡበት ይመስለኛል። ለአንድ ላኪም ምላሹ በየመልእክቱ አይደጋገምም፤ ካልተለወጠ በቀር በ7 ቀን አንዴ ነው የሚላከው።

ባለሙያዋ ከ«ሂሳብ» የመጣውን ከግል ደብዳቤዋ ለይታ በሌላ ፎልደር ማስቀመጥ ከፈለገች ጥሩ መንገድ አለ። አሊያሱን ወደ ተራ አድራሻዋ ከመፍታት ይልቅ፣ ከስሟ ቀጥሎ የ+ ምልክት እና «ሂሳብ» ወደተጨመረበት አድራሻ ይፍቱት። ፖስትፊክስ እና ዶቭኮት ሁለቱም + ምልክቱን እንደ መለያ እንዲያውቁት ከተዋቀሩ መልእክቱ ወደ እሷ ሳጥን ይገባል፤ ሲቭ ደግሞ ከ+ በኋላ ያለውን ቃል አይቶ በተገቢው ፎልደር ያስቀምጠዋል። ራስጌውን ከመመርመር ይህ ይበልጣል፤ ላኪው «ሂሳብ»ን በስውር ግልባጭ ቢያደርግ እንኳ አይሳሳትም።


ካዛንቺስ_ኔት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አንድ ተያያዥ ነገር ላንሳ። አሊያሱን በራሳችን ፊደል መፍጠር ይቻላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 6531 ከ@ በፊት ያለው ስም በማንኛውም ፊደል እንዲጻፍ የሚፈቅድ ሲሆን ፖስትፊክስም በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.0 ጀምሮ ይደግፈዋል። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያሻል። በመንገዱ ላይ ያለ ሰርቨር ሁሉ፣ ከፖስትፊክስ ቀጥሎ ሳጥኑን የሚይዘው ፕሮግራም ጭምር፣ ካልደገፈው መልእክቱ ይመለሳል። ለሰርቨሩ ደግሞ «ሂሳብ»፣ «ሒሳብ» እና «ሕሳብ» ሦስት የማይገናኙ ስሞች ናቸው፤ ደንበኛው የትኛውን እንደሚጽፍ ስለማይታወቅ ሦስቱንም ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከቨርችዋል አሊያስ የተሻለ ቦታ የለም።


ቸርችል_ሰርቨር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡15

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም የሚቀበለው መስመር እንዲወጣ ተስማምተዋል፤ ለአራተኛው ባልደረባም ስልኩ ላይ አይማፕ ተስተካክሎለት የጂሜይል አድራሻው ከአሊያሱ ወጥቷል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ አድራሻ በየትኛው ደረጃ ነው መያዝ ያለበት?


ነባር_ፖስታ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡40

የግል ደንቡ በሚነበብበት ደረጃ መሆን የለበትም፤ ሳጥኑ ሲዘጋ ሲቩም አብሮ ስለሚዘጋ። በአድራሻው የሚመጣው የሥራ ደብዳቤ ብቻ መሆኑን ካረጋገጡ በቨርችዋል አሊያስ ወደ ተተኪው ይምሩት፤ መስመሩ መቼ እንደሚነሳም አብረው ይወስኑ። የግል ደብዳቤም ይመጣበት ከነበረ ግን ለተተኪው ማሳየት ተገቢ ስላልሆነ፣ ፖስትፊክስ ለተዛወሩ ተቀባዮች ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ ይጠቀሙ። ሰርቨሩ መልእክቱን በር ላይ ይመልሳል፤ ለላኪውም አዲሱን አድራሻ ይነግረዋል፤ ሰንጠረዡ ውስጥ የ«ሂሳብ»ን አድራሻ ቢጽፉ ላኪው ወዴት መጻፍ እንዳለበት ያውቃል። ሰንጠረዡን ከለወጡ በኋላ ፖስትማፕን ማስኬድ አይርሱ፤ ከውጭ አድራሻም አንድ የሙከራ መልእክት ልከው የሚመለሰውን ጽሑፍ ያንብቡት።